ብርሃን የማያሳልፍ መጋጠሚያ

አባ ልክ ከእርጅና ጋር ተስማምተው የኖሩ ሰው ነበሩ፤ እርጅና የጠየቃቸውን ሁሉ ሳያጉረመርሙ ሰጥተዋል። መሰላል መውጣት ትተዋል። ከሐኪም ጋር መከራከር ትተዋል። ከባድ ግንድ በአንድ ጫፍ ይዞ ሌላውን ጫፍ የያዘውን ሰው መስደብ፣ ያንን የጎልማሳነት ደስታ፣ ለወገባቸው ሲሉ እርግፍ አድርገው ትተዋል። የወርክሾፑን ቁልፍ እንኳ አንድ ጠዋት ከኪሳቸው አውጥተው በልጃቸው መዳፍ ላይ ካኖሩ በኋላ፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ቁርሳቸውን ሊበሉ ገብተዋል። አንዲት ነገር ግን ነበረች፣ ሚስት ብትለምን፣ ልጅ ብታኮርፍ፣ ነጋዴ ቢስቅ የማይለቋት፤ ከክንድ እምብዛም የማትረዝም፣ ስፋቷ መዳፍ ተኩል የሆነ፣ መልኳ የቆየ ማር የመሰለ አንዲት ጣውላ።

ወጣት አናጢ ሳሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን አንድ ጠረጴዛ ሠሩ። ሙያውን ያስተማሯቸው ሽማግሌ መጥተው መዳፋቸውን በጠረጴዛው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፉና ምንም አልተናገሩም፤ የእኚያ ሰው ዝምታ ሙገሳ መሆኑን የማያውቅ ሠራተኛ በዚያ ቤት አልነበረም። ከዚያም ከጠረጴዛው እንጨት የተረፈችውን ጣውላ፣ ያን ጊዜ ቁመቷ የሰው ቁመት ነበር፣ አንሥተው ሰጧቸው። «ይቺን ያዝ» አሏቸው። «መጋዝ ልትገዛ ስትሄድ ሻጩን አትጠይቅ፤ መጋዟን በዚች ጠይቃት።» ጠረጴዛው ዛሬም ቤተሰቡ የሚበላበት ነው። ጣውላይቱም የጠረጴዛው እኅት ናት፤ ከአንድ ግንድ የወጡ፣ አንዷ ቤት የቀረች፣ አንዷ መንገደኛ የሆነች።

አጠያየቁ እንዲህ ነበር። አባ ልክ አዲስ መጋዝ ሊመርጡ ሲሄዱ ጣውላይቱን በጨርቅ ጠቅልለው በብብታቸው ሥር ያደርጓታል። ከማሽኗ የብረት ገበታ ላይ ያጋድሟትና ከጫፏ ሁለት ጣት ያህል ያስቆርጣሉ። የተቆረጠችውን ቁራጭ ይገለብጡና፣ ጀርባዋን ወደ ላይ አድርገው፣ ቁርጥን ከቁርጥ መልሰው ያጋጥማሉ። ከዚያ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ዓይናቸውን ከገበታው እኩል አውርደው፣ በመጋጠሚያው በኩል ወደ መስኮቱ ያያሉ። የመጋዟ ምላጭ በፀጉር ያህል ብታዘነብል እንኳ ያ ማዘንበል በመገልበጡ እጥፍ ይሆናልና፣ በሁለቱ እንጨቶች መካከል የክር ያህል ብርሃን ይታያል። ብርሃን ከታየ መጋዟ ጠማማ ናት። ካልታየ ቀጥ ያለች ናት፤ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

እያንዳንዷ የተጠየቀች ማሽን ከጣውላይቱ ሁለት ጣት በልታ ቀርታለች። ቁራጮቹ ግን አይጣሉም። የማሽኗ መልክና የተጠየቀችበት ቀን በእርሳስ እየተጻፈባቸው በወርክሾፑ መደርደሪያ ላይ በተራ ይቆማሉ። ሰውየው በየዓመቱ ለጎረቤት ወርክሾፖች፣ ለወዳጆች፣ ለማያውቋቸው ሰዎች ጭምር መጋዝ ሲመርጡ ኖረዋልና፣ የሰው ቁመት የነበረችው ጣውላ በአርባ ዓመት ውስጥ ወደ ክንድ ወረደች።

ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ ጠባይ የተወለደ ነው። ስለ ሾርባው ቢጠየቁ፣ ስለ አየሩ ቢጠየቁ፣ ስለ አዲሱ የጎረቤት ልጅ ስም ቢጠየቁ መልሳቸው ወይ «ልክ ነው» ወይ «ልክ አይደለም» ነው። ባለቤታቸው ለእንግዳ ሁሉ የሚያጫውቱት አንድ ነገር አለ፤ «ለጋብቻ ሊያየኝ የመጣ ዕለት ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ ጥፍር አየኝና 'ልክ ነው' አለ። በቃ። ከዚያ ወዲህ የፍቅር ቃል ተናግሮ አያውቅም። እኔም የመጀመሪያውን ቃሉን እስካልሻረ ድረስ ብዬ ዝም አልኩት።»

እንግዲህ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አባ ልክ ሻያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠው ሳሉ፣ ቤቱንና ወርክሾፑን በሚለየው ግድግዳ በኩል ያለው ድምፅ ተሰበረ። ያ ድምፅ የአሮጌዋ መጋዝ ድምፅ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ግድግዳ በኩል እንደ ሩቅ ወንዝ ሲፈስ የኖረ፣ ልጅቱን በሕፃንነቷ ያስተኛ፣ ሳህኖችን በመደርደሪያ ላይ በቀስታ ሲያንቀጠቅጥ የኖረ ድምፅ ነው። በአንድ ጊዜ እንደ ሳል ተናነቀው፤ ከዚያ ዝም አለ። አባ ልክ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«አበቃላት» አሉ።

እውነትም አብቅቶላት ነበር። ምላጯን የሚሸከመው የውስጥ ብረት፣ አናጢዎች ክንዷ የሚሉት፣ ለሁለት ተሰንጥቋል። ልጃቸው፣ ወርክሾፑን አሁን የምታስተዳድረው አናጢት፣ ሰጋቱራ በቅንድቧ ላይ እንደ ተነሰነሰ ገብታ ከፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ለአንድ ትምህርት ቤት አርባ በር ልትሠራ የተቀበለችው ሥራ ገና መጀመሩ ነበር።

«አባዬ፣ አዲስ መጋዝ ያስፈልገኛል። እስከ ቅዳሜ።»

«እኔ እመርጥልሻለሁ።»

«አንተ ልክ ያላልካትን አላስገባም፤ ቃሌ ነው። ግን እስከ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ካለፈ ፋብሪካዎቹ በወረቀት የጻፉትን አንብቤ አንዷን አስጭናለሁ፤ በሮቹ አይጠብቁኝም።»

«ከወረቀት» አሉ አባ ልክ፣ አንድ ሰው ከፎቶግራፍ ሚስት አገባ እንደ ተባሉ ሁሉ።

ነገሩን በቀልድ ይለፉት እንጂ የተባለው ገብቷቸዋል። ልጅቱ በምትገዛት መጋዝ ላይ እሳቸው ከሌሉም በኋላ ሠላሳ ዓመት ትቆማለች፤ ጣቶቿ በየቀኑ ከዚያች ምላጭ አጠገብ ይውላሉ። ደግሞም ይህችን አንዲት ነገር መምረጥ ካቃታቸው ከእንግዲህ ምንም ነገር የሚጠይቃቸው ሰው እንደማይኖር፣ ሰዎች ሻይ እያቀረቡላቸው፣ ትራስ እያስተካከሉላቸው፣ በጎን በኩል ብቻ እያለፏቸው እንደሚኖሩ ታያቸው። ተነሥተው ጣውላይቱን ካለችበት አወጡ። ቁልፉን ካስረከቡ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ የተቀመጠችው ከልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ኋላ፣ ከግድግዳው ጋር ተደግፋ ነበር። በጨርቅ ጠቀለሏትና ወጡ።

የማሽን ሻጩ መጋዘን ሰፊና ከፍ ያለ ነው። በጣሪያው ላይ እዚህም እዚያም የተሰካው ብርሃን አሳላፊ ቆርቆሮ ፀሐይዋን እየቆራረጠ በወለሉ ላይ ይጥላታል፤ አቧራው በእነዚያ የብርሃን ምሰሶዎች ውስጥ ሳይወድቅና ሳይወጣ ይዋልላል። ማሽኖቹ በሸራ እንደ ተሸፈኑ ቆመዋል፤ በእንቅልፋቸው የሚተነፍሱ ይመስላሉ። አባ ልክ እንዲህ ያለ ቦታ ሲገቡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ እግራቸውም ያለ ትእዛዝ ይቀልላል።

«አባቴ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ ሻጩ፣ ሆዱ ከቀበቶው አልፎ የሄደ ሳቂታ ጎልማሳ። «አሁንም ያቺ እንጨት አለች?»

«እኔ እስካለሁ አለች።»

«እሷ እየከሳች፣ እኔ እየወፈርኩ። ይምጡ፣ ሦስት አሉኝ።»

ሦስቱም ባለ ካቢኔት የጠረጴዛ መጋዞች ነበሩ፤ ሞተራቸውን በሆዳቸው የያዙ፣ ከገበታቸው በታች እስከ ወለሉ በወፍራም ላሜራ የተዘጉ፣ አራት ሰው የማያነቃንቃቸው። አንዷ አረንጓዴ፣ አንዷ ግራጫ፣ አንዷ ነጭ። አባ ልክ ከአረንጓዴዋ ጀመሩ። የቀለሙን ማማር አላዩም። መዳፋቸውን በቀዝቃዛው የብረት ገበታ ላይ ዘርግተው እንደ ተኛ እንስሳ ዳሰሷት። ምላጯን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቁ፤ የምትሽከረከርበት ኩሽኔታ ላልቶ እንደ ሆነ በጣት ይሰማልና። እንጨቱን የሚመራውን ረጅም ብረት ገፍተው ቆለፉት፤ ፈተው መልሰው ቆለፉት፤ ከፊትም ከኋላም ከምላጯ ያለውን ርቀት ለኩ። ጎንበስ ብለው በሆዷ በር በኩል ከሞተሩ ወደ ምላጯ የሚዞረውን ቺንጋና የውስጡን ብረት አዩ፤ ብረቱ ከካቢኔቱ ጋር በቡሎን ታስሮ፣ ገበታው ቢነሣ እንኳ ከቦታው የማይናወጥ መሆኑን አረጋገጡ። ሁሉም ደኅና ነው። ከዚያ ጨርቁን ፈቱ።

መጋዟ ጣውላይቱን ቆረጠች። አባ ልክ ቁራጯን ገለበጡ፣ አጋጠሙ፣ ተንበረከኩ። በመጋጠሚያው መካከል ብርሃን ነበር፤ የሸረሪት ድር የሚያህል፣ ወርቃማ፣ የማይካድ።

«ልክ አይደለም።»

ሻጩ ስኳድራውን አመጣ፤ የማዕዘን መለኪያ ብረቱን። ከገበታውና ከምላጯ መካከል አስጠጋው። በብረትና በብረት መካከል ምንም የለም። «አባቴ፣ ይዩት። ቀጥ ያለች ናት።»

«ስኳድራህ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አዲስ ነው።»

«እንግዲያው ገና ምንም አያውቅም» አሉና ቁራጯን ኪሳቸው ከተቱ።

በማግስቱ ግራጫዋን ጠየቁ። ብርሃን። በሦስተኛው ቀን ልጃቸውም አብራቸው መጣች፤ ነጯን ጠየቁ። ብርሃን። ሻጩ ሌላ ስኳድራ አምጥቶ ነበር፣ ያረጀ፣ ጫፉ የጠቆረ፤ እሱም እንደ አዲሱ መሰከረ። ምላጯን ትንሽ ላዘንብላት፣ ከእንጨትዎ ጋር ላስማማት ብሎ ለመነ። አባ ልክ ግን «ከፋብሪካዋ ጎብጣ የወጣችን ማሽን ልጄ በየማለዳው እንዴት አደርሽ እያለች ስታቃና ትኑር?» ብለው ጨርቃቸውን ጠቀለሉ።

«ሌላ ገዢ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል» አለ ሻጩ። ይህን ያለው ለልጅቱ ነበር፤ አባ ልክን በጎን በኩል አልፎ። አባ ልክም ያን መታለፍ እንደ ረቂቅ ነፋስ አንገታቸው ላይ ተሰማቸው።

ቤታቸው ገብተው ጠረጴዛው ዘንድ ሲቀመጡ ልጅቱ እጇን ዘረጋች።

«ቁራጮቹን ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ልያቸው ነው አባዬ፤ አልበላቸውም።»

ሦስቱን ቁራጮች በጠረጴዛው ላይ፣ በዚያ በመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ፣ እንደ ተቆረጡበት ተራ ደረደረቻቸው። መጀመሪያ የአረንጓዴዋን ከግራጫዋ፣ ቀጥሎ የግራጫዋን ከነጯ ጎን ለጎን አቆመች። ቅንድቧን ቋጥራ ቆየች። ቁርጦቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን፣ በአንድ ልክ ያዘነበሉ ነበሩ።

«አባዬ፣ ሦስት ፋብሪካ ናቸው። በሦስት የተለያየ አገር የተሠሩ። ሦስቱም እኩል፣ ወደ አንድ በኩል፣ በአንድ ፀጉር ተሳሳቱ?»

ልጅቱ ጣውላይቱን ከጨርቁ አውጥታ በጠረጴዛው ላይ አጋደመቻት፤ እኅትን በእኅት ላይ። ከዚያ በአንድ ጣቷ ጫፏን ነካች።

ጣውላይቱ ቀጭ አለች። ጣቷን ስታነሣ ተመልሳ ቀጭ አለች። እንደ ሕፃን አልጋ ትወዛወዝ ነበር።

ከክፍሉ ጥግ ልብስ ሲያጣጥፉ የነበሩት ባለቤታቸው ሸሚዙን ደረታቸው ላይ እንደ ያዙ ቀረቡና አዩ።

«ከዚያ እርጥብ ግድግዳ አንሣት ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩህ? ሦስት ዓመት ሙሉ የልብስ እጥበት እንፋሎት ስትጠጣ። እኔስ ብሆን እጎብጥ ነበር።»

«አንቺም ጎብጠሻል» አሉ አባ ልክ፣ ግን ድምፃቸው ከወትሮው የተለየ ነበር።

«እኔ የጎበጥኩት ያንተን ሸሚዝ እያጠብኩ ነው» አሉና ባለቤታቸው ሸሚዙን አጥፈው፣ መዳፋቸውን ለአፍታ በባላቸው ትከሻ ላይ አኑረው ሄዱ።

ነገሩ ከማንም በላይ በእሳቸው ላይ የከበደው ስለዚህ ነው። ጣውላን ከግድግዳ ጋር ደግፎ መተው በአባ ልክ ወርክሾፕ ትልቁ ነውር ነበር። እንጨት የሚቀመጠው ወይ ተጋድሞ ነው ወይ በሁለት ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነው፤ ተደግፎ የቆመ ጣውላ ይጎብጣል። ይህን ነውር የሠራ ሠራተኛ በዚያ ቤት ለዕለቱ ሥራውን ትቶ ይሰናበት ነበር። እሳቸውም ሌላ ማናቸውንም ጣውላ እንዲህ አያቆሙም። ይህችን ብቻ አቆሙ። አርባ ዓመት ሙሉ ዳኛ አድርገዋት ኖረው፣ ምስክር አድርገዋት ኖረው፣ እንጨት መሆኗን ረስተውት ነበር።

በማግስቱ ዐርብ ነበር። አባ ልክ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ወደ ወርክሾፑ ገቡ። ልጃቸው ቀድማ ገብታ ኖሮ አሮጌዋን መጋዝ ለማስወጣት ቡሎኖቿን ትፈታለች።

«በማሽኑ መላጊያ ላሳልፋት? ሁለት ደቂቃ ነው።»

«እምቢ» አሉ። «እኔ ያጎበጥኳትን እኔ አቃናታለሁ።»

ጣውላይቱን በሥራ ገበታው ማሠሪያ አጥብቀው አሠሩና የእጅ መላጊያቸውን አነሡ። የመጀመሪያው ፍቅፋቂ ጥቁር ነበር፣ በላብና በዘመን የጠቆረ። ሁለተኛው ቡናማ። ሦስተኛው ሲወጣ ከውስጧ ያ ሽታ ወጣ። አባ ልክ እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። እንጨት ሽታውን በልቡ ያስቀምጣል፤ ሲላጭ ብቻ ነው የሚናገረው። ያ ሽታ የመጀመሪያው ጠረጴዛ ሽታ ነበር፣ የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሆነው የሸተቱት። ዓይናቸውን ሳይከድኑ የዚያን ጊዜ ክፍል አዩት፤ ዝቅተኛውን መስኮት፣ ወለሉን የሸፈነውን ለስላሳ ሰጋቱራ፣ ከበሩ ውጭ ይወርድ የነበረውን ዝናብ። መምህራቸው በጠረጴዛው ላይ መዳፋቸውን ሲያሳልፉ የሚሰማው ያ ደረቅ ሹክሹክታ ክፍሉን ሁሉ ሞላ። ዞር ቢሉ የሚያገኟቸው መሰላቸው፤ ስለዚህ ዞር አላሉም። መላጊያውን በቀስታ ገፉ። ፍቅፋቂዎቹ እንደ ረጅም ጥብጣብ እየተጠቀለሉ ወደ እግራቸው ይወርዱ ነበር፤ የማለዳዋ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ በእያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ ትንሽ መብራት ታበራ ነበር። ስንት ጊዜ እንደ ገፉ አያውቁም። የእንጨቷ መስመሮች ከመላጊያው ሥር እንደ ጅረት ይፈሱ ነበር፤ እሳቸውም በጅረቱ ዳር የሚሄድ ሰው ይመስሉ ነበር፣ የት እንደሚደርስ የማይጨነቅ።

«አባዬ» አለች ልጃቸው። «ረፍዷል። አንድ ጊዜ አስቀምጣትና እንያት።»

በአሮጌዋ መጋዝ የብረት ገበታ ላይ አጋደሟት። ልጅቱ በጣቷ ጫፏን ነካች። ጣውላይቱ አልተነቃነቀችም። በጣም ሳስታ ነበር፤ ከበፊቱ ውፍረቷ ሢሶው ሄዷል። ሦስት ጊዜ ለመጠየቅ የሚሆን ርዝመትም አልቀራትም፤ ከእንግዲህ ስታጥር እጅ ወደ ምላጩ ይቀርባልና አንድ መጠየቅ ብቻ በሰላም ትችላለች።

«ሦስቱን መጠየቅ አንችልም እንግዲህ» አለች ልጃቸው።

«አንዷን ነው። የቷን እንደሆነ ነገ እነግርሻለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ ገቡ። ሻጩ ሰላምታውን ሳይጨርስ አባ ልክ ወንበር ለመኑት፤ ከሦስቱ ማሽኖች መካከል አስቀመጡትና ተቀመጡ።

«አንድ በአንድ አስነሣልኝ። ምንም አትቁረጥ። አስነሣና አጥፋ ብቻ።»

«ሌላ ገዢ…»

«ከሰዓት ነው ብለሃል። አሁን ጠዋት ነው።»

አባ ልክ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አረንጓዴዋ ተነሣች፤ ድምፅዋ ብርቱ ነው፣ ችኩል ነው፣ ለሥራ እንደ ቸኮለ ጎረምሳ ነው። ስትጠፋ በሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ጥቂት አንኳኳና ዝም አለ። ነጯ ተነሣች፤ ለስላሳ ናት፣ ግን ስትጠፋ ቶሎ ቆመች፣ የተቆጣ ሰው ንግግሩን እንደሚያቋርጥ። በመጨረሻ ግራጫዋ ተነሣች። አነሣሷ ጎልቶ አልተሰማም፤ ከእግራቸው በታች ባለው ወለል በኩል ነው የመጣው። ስትጠፋም አልቆመችም። ዝቅ እያለች፣ ዝቅ እያለች፣ ሳትንቀጠቀጥ፣ ሳታንኳኳ፣ ድምፅዋ ወደ ትንፋሽ፣ ትንፋሹም ወደ ዝምታ ሄደ፤ አባ ልክ የትኛው ላይ ድምፁ አልቆ ዝምታው እንደ ጀመረ ሊለዩት አልቻሉም። በዚያ ረጅም መውረድ ውስጥ የቤታቸው ግድግዳ ታያቸው፤ ከግድግዳው ወዲህ አንድ ሌላ ሰው፣ ገና ያልተወለደ ይሁን ያረጀ አላወቁትም፣ ያንን ድምፅ እየሰማ በጠረጴዛው ዘንድ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ነበር። ሳህኖቹ በቀስታ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ዓይናቸውን ገለጡ። «ግራጫዋን» አሉ።

ልጃቸው ጣውላይቱን በግራጫዋ ገበታ ላይ አጋደመች፣ በጣቷ ነካች፤ ፀጥ ብላለች። መጋዟን አስነሥታ እሷው ቆረጠች። ቁራጯን ገልብጣ አጋጠመች። አባ ልክ ለመንበርከክ የወንበሩን ጠርዝ ያዙ፤ ከዚያ ግን ተዉት። ዓይናቸው በእንባ ይሁን በእርጅና ጭጋግ ይዞት ነበር።

«አንቺ እይ» አሉ።

ልጅቱ ተንበረከከች። ዓይኗን ከብረቱ እኩል አወረደች። በመጋዘኑ አቧራማ መስኮት የገባው ብርሃን ከመጋጠሚያው ማዶ በወንፊት እንደ ተነፋ ይፈስስ ነበር። ብዙ ቆየች፤ ሻጩ መሐረቡን አውጥቶ አንገቱን ጠረገ። አባ ልክ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በመጋጠሚያው ላይ በቀስታ አሳለፉ። ጥፍራቸው የት ላይ አንዷ አልቃ ሌላዋ እንደ ጀመረች አላገኘም።

«ልክ ነው» አለች ልጃቸው።

ሻጩ በረጅሙ ተነፈሰ። ሠራተኞች ጠርቶ ግራጫዋን እንዲያሥሩ፣ በሸራ እንዲጠቀልሉ አዘዘ። ልጅቱ ቁራጯን አንሥታ፣ ከጆሮዋ ኋላ ያለውን እርሳስ አውጥታ፣ የማሽኗን መልክና ቀኑን ጻፈችባትና በገዛ ኪሷ ከተተቻት፤ አባ ልክ ይህን አዩ። ሻጩ ደግሞ ሥራው ሰምሮለታልና ደስታው ምላሱን አስፈታው።

«አባቴ፣ አሁን በመካከላችን እንነጋገር። ስኳድራዬ በመጀመሪያው ቀን የተናገረው እውነት ነበር፤ ሦስት ቀን ያንከራተተችን እንጨትዎ ናት። ይቺን ለእኔ ይተዉልኝ፤ ከዚህ ግድግዳ ላይ በክብር ሰቅዬ ለደንበኛ ሁሉ ታሪክዎን እነግራለሁ። በምትኳ ስኳድራውን ይውሰዱ፤ ብረት ነው፣ አይጎብጥም። ደግሞስ ምን ቀራት? ከእንግዲህ አንድ ማሽን እንኳ አትጠይቅም።»

አባ ልክ ጣውላይቱን በጨርቋ ጠቀለሏት፤ ጫፎቹን እንደ ሕፃን ልብስ ወደ ውስጥ አጥፈው በብብታቸው ሥር አደረጓት። ከዚያ በሩ ዘንድ ቆመው እንዲህ አሉ፦

«ስኳድራህ እውነቱን ተናገረ፣ አልክድህም፤ ግን ስኳድራህ የትም ቢቀመጥ አይሰማውም። እሷን ሦስት ዓመት ከእርጥብ ግድግዳ ጋር ያቆምኳት እኔ ነኝ፤ መጥቼ ስጠይቃት የት እንዳኖርኳት ነገረችኝ፣ አልሰማኋትም። አንተ ሦስት ዓመት በር ኋላ ቆመህ፣ በአራተኛው ዓመት አንድ ሰው መጥቶ ቢጠይቅህ ቀጥ ብለህ ትመልሳለህ? ስለዚህ አልተውልህም። ዛሬ ቤት ወስጄ በሁለት ምስማር እሰቅላታለሁ። ብትሳሳም ሳስታለች፣ እኔም ሳስቻለሁ፤ ብታጥርም አጥራለች፣ እኔም ካየኸኝ ቀን ወዲህ አጥሬያለሁ። ልጄ ሌላ መጋዝ ልትገዛ በመጣች ጊዜ ደግሞ እኔ ብኖር እኔ ይዣት እመጣለሁ፣ እኔ ባልኖር ልጄ ይዛት ትመጣለች፣ መቁረጥ እስከማይቻል ብታጥር እንኳ ኪሷ ውስጥ ሆና ትመጣለች፤ ያን ጊዜ አንተ መስኮትህን ብቻ ጥረግልን፣ በብርሃኑ በኩል እናያለን።»